ለደንበኞቻችን፦ ትልቁን ጎማ አንገጥምም ስላልንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ፒክአፕ ይዛችሁ መጥታችሁ «285 (285 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጎማ) አንገጥምም» ስለተባላችሁ ተቀይማችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። ከበር ስለመለስናችሁ ይቅርታ። «ዕቃው ስለሌላቸው ነው» የሚለው ወሬ ግን ትንሽ ከንክኖናል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ትርፉም ከሌላው ይሻላል።

17 ኢንች ቸርኬ ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ በብዛት ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው 265/65 አር 17 ነው፤ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ማለት ነው። ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ይደርሳል። ቆሞ ሲያዩት ያምራል። መሪው እስከ ጥግ ዞሮ የፊት እግሩ ጉድጓድ ሲገባ ግን ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈጫል፤ ከዚያ «ትንሽ ቁረጡልኝ» ይመጣል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 85 አልፏል።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ጎማው ሲተልቅ ፍሬኑ አብሮ አይተልቅም፤ ያው ፍሬን የበለጠ ይታገላል፣ ይግላል። በማርሽ ይዞ የመውረድ አቅሙም ይቀንሳል። ጤፍ ጭኖ ለሚወርድ መኪና እጃችን እሺ አላለንም።

ከፍ ማድረግ የግድ ካላችሁ 265/70 አር 17 አለ፤ 803 ሚሊ ሜትር ነው። መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ አዙረን፣ ካልነካ እንገጥመዋለን። በድንጋያማው የወገል ጤና መንገድ ለምትመላለሱት ደግሞ 16 ቸርኬ ላይ 265/70 ይሻላችኋል፤ ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ጎኑ ግን ወፍራም ስለሆነ ድንጋዩን ይችላል። ቸርኬው ፍሬኑን እንዳይነካ ቀድመን እንለካለን። የቸርኬው ስፋትም ቢያንስ 7 ኢንች መሆን አለበት፤ የ205 ጎማ ጠባብ ቸርኬ 265 አይሸከምም።

ቸርኬ የምትቀይሩ ዳዶውን (ቸርኬውን የሚያስረውን) አትርሱ። የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ግርጌው ጠፍጣፋ ነው፣ ዋሸር አለው፤ የብረቱ ሾጣጣ ነው። ሲቀያየሩ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን ቦታው ላይ አልተቀመጠም፤ ጥቂት ሄዶ ይላላል። ያልሆነውን ዳዶ ስንት ጊዜ ከሰው እጅ ቀምተናል!

ዋጋውንም እናውቀዋለን። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ እኛም የምንገዛበት ሂሳብ ሌላ ሆኗል፤ አራት ጎማ ባንዴ ለማን ይቀላል? ሁለቱን ዛሬ ከኋላ፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ወር ከፊት እንግጠም፤ መጠኑና ጥርሱ አንድ ይሁን እንጂ። የፊትና የኋላው ቁመት ከተለያየ ደረቅ አስፋልት ላይ ይቅርና ኮረት ላይም ፎር ዊል ስታስገቡ ጊርቦክሱ ይጨነቃል። የድሮ ደንበኞቻችን የዱቤ ደብተራችን እንዳልተዘጋ ታውቃላችሁ።

ሌላ ቦታ 285 ያስገጠማችሁም ብትሆኑ አትፈሩን። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ጎራ በሉና ዳዶውን እናጥብቅላችሁ። ሂሳብ የለውም።

ከአክብሮት ጋር
የጎማ ቤታችሁ፣ ደሴ