አባዬ፣ ድልድዩ እውነት ነው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? ጉልበትህስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

መደወል እችል ነበር። ግን በስልክ አንተ ሁለት ቃል ትልና "በል ሒሳብ አይቆጥርብህ" ብለህ ለእማዬ ታቀብላታለህ። ስለዚህ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ዓይንህ ስለደከመ እማዬ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። እማዬ፣ በእናትሽ፣ ሳትዘይ አንብቢለት። በተለይ መጨረሻው ላይ ያለውን።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ ሳሎን ቁጭ ብለን ያን የዘንዶ ፊልም ያየነውን ታስታውሳለህ? ጌም ኦፍ ትሮንስን ማለቴ ነው። ሰባተኛው ሲዝን ላይ ነበርኩ። ለስንተኛ ጊዜ እንደማየው አትጠይቀኝ። አንተ ታሪኩ አልገባህም፤ ደግሞም ግድ አልሰጠህም። የምታየው ግድግዳ ግድግዳውን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ቴሌቪዥን የሚያየው እንደዚያ ነው መሰለኝ። በየመሃሉ "ይሄ ቅስት አይቆምም"፣ "ይሄ ልስን እንጂ ድንጋይ አይደለም" ትላለህ።

ከዚያ ዘንዶ ያላት ልጅ ወደ አባቶቿ ቤት ስትመለስ መጣ። ባሕር ውስጥ የቆመ ዓለት። ከየብሱ ወደ ዓለቱ የሚወስድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ። ዓለቱ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ። ጫፉ ላይ ደግሞ ተራራ የሚያክል ጥቁር ግንብ። "እስቲ አቁመው" አልከኝ። አቆምኩት። ከወንበርህ ተነስተህ ስክሪኑ ድረስ ተጠጋህ። በጣትህ መስመር እያሰመርክ፣ "ድልድዩ እውነት ነው። ደረጃውም የሰው እጅ ነው። ግንቡ ግን ውሸት ነው፤ ዓለቱ ላይ አልተቀመጠም" አልክ።

እኔ ሳቅኩብህ። "አባዬ ደግሞ! ሁሉም በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ዝም ብለህ እይ" አልኩህ።

ዝም አልክ። ትንሽ ቆይተህ "እስቲ እኔ ልተኛ" ብለህ ገባህ። ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቦታው ድረስ ሄድኩልህ።

ስሟ ጋስቴሉጋቼ ይባላል። ሰሜን ስፔን፣ የባስኮች አገር፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽዬ ደሴት ናት። ቢልባኦ ከሚባለው ትልቅ ከተማ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። በርሜዮና ባኪዮ በሚባሉ ሁለት ከተሞች መሃል ትገኛለች። መግቢያው ነፃ ነው። ግን ፊልሙ ከታየ ወዲህ ሕዝቡ ስለጎረፈባት፣ ሰው በሚበዛበት ወቅት ቀንና ሰዓት አስቀድመህ በኢንተርኔት መያዝ አለብህ። እኔ ቀኑን በትክክል ይዤ ሰዓቱን ተሳስቼ አረፍኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳያት ቆየሁ። በራሴ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ማያ ቦታ የለም።

ከላይ ሆነህ ስታያት ግንቡ የለም። እንደሌለ እያወቅኩም ዓይኔ ፈለገው። ጫፉ ላይ ያለችው ጣሪያዋ ቀላ ያለ፣ አንዲት ትንሽ ቤት ናት። ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ግን ፊልሙ ላይ እንዳየነው ነው። ድልድዩ አለ። ደረጃው አለ። መጠማዘዙ ሳይቀር አለ። ያኔ ስክሪኑ ላይ በጣትህ ያሰመርክባት ቦታ አለች አይደል? ልክ እዚያች ጋ ነው እውነቱ የሚያልቀው።

የፊልሙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 መጥተው ዓለቱን፣ ድልድዩንና ደረጃውን ቀረጹ። ከዚያ ትንሿን ቤት በኮምፒውተር አጠፏትና በቦታዋ ግንብ ተከሉ። በዓመቱ ዓለም ሁሉ አየው። ልጅቷ ከጀልባ ወርዳ አሸዋውን በእጇ የምትነካበት ዳርቻማ ጭራሽ እዚህ አይደለም። ዙማያ የምትባል ሌላ ከተማ ነው፤ በመኪና ራሱ ብዙ ያስኬዳል። አንተ በሁለት ደቂቃ የለየኸውን እኔ አውሮፕላንና አውቶቡስ ከፍዬ አረጋገጥኩት።

አንድ ነገር ላይ ግን ላሸንፍህ ነው። "ጋስቴሉ" የሚለው ቃል በባስክ ቋንቋ ምሽግ፣ ግንብ ማለት ነው። ስሟ ውስጥ ግንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1334 የዚህ አካባቢ፣ የቢስካይ፣ ጌታ የነበረው ሁዋን ኑኜስ ዴ ላራ ከካስቲል ንጉሥ ከአልፎንሶ 11ኛ ጋር ሲጣላ፣ ሰዎቹ እዚህች ዓለት ላይ መሽገው ንጉሡን አስቸግረውታል። ሊይዛት ሞክሮ አቃተው። ስለዚህ የፊልም ሠሪዎቹ ውሸት ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። "የት አለ ታዲያ ድንጋዩ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ድንጋዩን አላየሁም።

ሰዓቴ ሲደርስ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ስለ ደረጃው ያወራል እንጂ የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ እግርህን እየያዝክ ነው የምትወርደው። በመመለሻው ያው ዳገት ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ከግማሽ ሲመለስ አየሁ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርቦ፣ የፊልሙን ዜማ በስልኩ ከፍቶ፣ ጓደኛው እየቀረጸው ይንጎማለላል። አልፈርድበትም። ብርድ ልብስ ይዤ ብሆን እኔም አልቀርም ነበር።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን አንተን ሆንኩ። እውነቴን ነው። ሰው ባሕሩን ፎቶ ሲያነሳ እኔ ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አያለሁ። መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ወገብ በሚደርስ የድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ከሥሩ ውሃው የሚያልፍባቸው ቅስቶች አሉ። ማዕበሉ ሲመታቸው ድምፁን በእግርህ ነው የምትሰማው። ደሴቷ ራሷ በሃ ድንጋይ ናት፤ ባሕሩ ሆዷን ቦርቡሮ በወዲያና በወዲህ የሚያሳልፍ ዋሻ አበጅቶባታል። አንተ ቅስት ለማቆም እንጨት ትደግፍ ነበር። ባሕሩ ያለ ምንም ድጋፍ ሠርቶታል፤ ጊዜ ግን ወስዶበታል።

ደረጃው 241 ነው ይባላል። እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ቆጠርኩልህ። 180 ላይ አንዲት ሴትዮ ፎቶ አንሳኝ አለችኝና ጠፋብኝ። አንዱ ደረጃ ከአንዱ እኩል አይደለም። አንዱ ሰፊ ነው፣ ቀጣዩ ከፍ ይላል፣ ሌላው መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። አንተ ብታየው "ውሃ ልክ ሳይዙ ነው የሠሩት" ትል ነበር። ግን አስበው፣ ዓለቱ ራሱ ጠማማ ነው። የሠሩት ሰዎች ዓለቱን ተከትለው ነው የሄዱት። አዲስ የተጠገኑት ድንጋዮች በቀለማቸው ይለያሉ። ባሕሩ በብርዱ ወራት ሲያብድ ያፈርሳል፣ ሰው መልሶ ይገነባል። ማን እንደሆነ ስሙ የተጻፈለት ግንበኛ አላየሁም። ይሄንን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መሃል ከተማ ያለውን ሕንፃ ባለፍን ቁጥር የምትለው ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቤት የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ፊልሙ ያጠፋው እሷን ነው። በዓሉን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ሰኔ 24፣ በእኛ ሰኔ 17 ነው። እኛ ልደቱን የምናከብረው ሰኔ 30 ነው፤ 13 ቀን ብቻ ነው የቀደሙን። ዮሐንስ ከበርሜዮ ተነስቶ በጥቂት እርምጃ እዚህ ደረሰ ብለው ያምናሉ። ደረጃው ላይ የእግሩ ዱካ ነው የሚሉት ምልክት አለ። ራሱን የሚያመው ባርኔጣውን ያስነካል፣ እግሩን የሚያመው እግሩን ያሳርፍበታል። ስለ ጉልበት የተባለ ነገር አልሰማሁም። ቢሆንም ጫማዬን አውልቄ ለአባዬ ብዬ አሳረፍኩበት። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። ይሳቁ።

በሩ ዝግ ስለነበር ውስጧን አላየሁም። ከመስጠም የተረፉ መርከበኞች ስለታቸውን የሚያስገቡት እዚያ ነው፤ ትንንሽ የመርከብ ቅርጾች ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል ይባላል። ቦታው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረበት። የዛሬዋ ግን ያቺው የጥንቷ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1978 ተቃጥላለች። ሰዎቹ መልሰው ሠርተው በ1980፣ ልክ በዮሐንስ ዕለት ከፈቷት። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላም አባዬ። አሸዋውን፣ ሲሚንቶውን፣ ጣሪያውን በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ደረጃ እንዴት እንዳደረሱት እያሰብኩ ቆሜ ቀረሁ። አንተ ብትኖር መልሱን ትነግረኝ ነበር። በስልክ እንዳትመልስልኝ፤ ስመጣ ቁጭ ብለህ አስረዳኝ።

በሩ ላይ ደወል አለ፤ ገመዱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ሦስት ጊዜ ደውለህ ትመኛለህ። ሁለቱን ለጉልበትህ አደረግኩት። ለሦስተኛው ሳስብ፣ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሕፃን እጄን ጎተተኝና ሳልመኝ ደወልኩት። እሱ ባክኗል።

ስወርድ ያየሁትን ልንገርህና ላብቃ። አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር እየወጡ ነበር። ባንተ ዕድሜ ይሆናሉ፣ ምናልባትም ይበልጡሃል። ልጅቷ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል እጇን ገፋ ያደርጋሉ። ግን ሌላኛው እጃቸው ከግንቡ ላይ አልተነሳም። አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ መዳፋቸውን ወደፊት ያስጠጋሉ፣ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፣ ደግሞ አንድ ይወጣሉ። እያየኋቸው እስከ መጨረሻው ደረሱ። ደወሉን ከታች ሆኜ ሰማሁት። እሳቸው ይሁኑ ሌላ ሰው፣ አላረጋገጥኩም።

አሁን እማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

አባዬ፣ የቤታችን ደረጃ 14 ናት። የሠራሃት አንተ ነህ፣ እኔ አሸዋ አቀብዬሃለሁ። መደገፊያ እናስገባላት ካልኩህ ሁለት ዓመት አለፈ። "እኔ የሠራሁት ደረጃ ላይ ማንም ብረት አይበሳም" ብለሃል። ባለፈው ወር መውደቅህን ደግሞ የሰማሁት ከጎረቤት ነው፣ ከናንተ አይደለም። ስለዚህ ብረት አልልህም። እንደዚያ ድልድይ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ይሁን፣ ላዩ ለእጅ እንዲመች ለስለስ ያለ። ገንዘቡን በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ሰፈር ውስጥ ያ አንተ ያስተማርከው ልጅ አለ አይደል? እሱ ይሥራው። ወንበርህን ከታች አስወጥተህ፣ ቱምቢውን ራስህ ይዘህ፣ ያልተስተካከለውን እያስፈረስክ አሠራው። ስመጣ ስንት ጊዜ እንዳስፈረስከው ልጁን እጠይቀዋለሁ።

ፎቶዎቹን ለእማዬ በስልክ ልኬላታለሁ። የድልድዩን ቅስት በደንብ አቅርቤ ያነሳሁት አራተኛው ነው።

ልጅህ