ጽዋሽ እኔ ቤት ነው

ጎንደር፣ ጥቅምት 26

ለኔ ሸጋ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። አንድ ክረምት ቢሆን ያስኬድ ነበር። ሁለት ነው ያለፈው። ካቻምና ለፋሲካ የላክሽልኝን መልእክት አንብቤ፣ ነገ ተረጋግቼ እመልሳለሁ ብዬ፣ ያ ነገ እስከ ዘንድሮ ጥቅምት ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። በቃ፣ ይህን እዚህ ላይ እንዝጋው። ስንገናኝ ትቆነጥጪኛለሽ።

ለምን እንዳልደወልኩ ታውቂያለሽ። ድምፅሽን ከሰማሁ ወሬው ሁሉ ሳቅ ይሆናል፣ የደወልኩበትን ሳልነግርሽ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። የሚያደርስልሽ ያክስቴ ልጅ ነው። ሁለት ኪሎ በርበሬም አስይዤዋለሁ። በርበሬው ጉቦ ነው።

ባንች ስም ጽዋ ተረክቤያለሁ።

አትጩሂ። መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢ።

ጥቅምት 21 የማርያም ማኅበራችን የነበረው ሰብሳቢያችን ሙሴው ቤት ነው። ወሩ ጽጌ ስለሆነ ግማሹ ሰው ይጾማል፣ ግማሹ አይጾምም፤ ሚስታቸው ሁለት ድስት ጥደው ሲንከራተቱ ዋሉ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ከዚያ "ተረኛ ማነው?" ሲባል ቤቱ ዝም አለ። ኅዳር ያንች ናታ! ካቻምና እናትሽ ተቀበሉልሽ። እሳቸው አንች ዘንድ ከመጡ ወዲህ ደግሞ አምና ሙሴው ደርበው ደገሱ። ዘንድሮ ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠና ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ የራቁትን አውጥተን፣ መግባት የሚፈልጉ ባልና ሚስት አሉ፣ እነሱን ብንተካ" አለ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። 21 ያለው ወር 12፣ እኛም 12፣ አንድ ወር ክፍት ሊሆን አይችልም። ግን እስክሪብቶውን ስምሽ ላይ ሲያሳርፍ ሆዴን አንድ ነገር ወጋኝ። ብድግ ብዬ ነጠላዬን አደገደግሁና "እኔ እቀበልላታለሁ፤ ለበዓሉ ትመጣለች" አልኩ። "ትመጣለች"ን ከየት እንዳመጣኋት እንጃ። እልል ተባለ። አባ ባርከው ሰጡኝ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ መብራት በሌለበት ሌሊት፣ የታችኛውን ኮረኮንች እየዳሰስኩ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ልጄ "የማን ነው?" ትላለች። "የአክስትሽ ነው" እላታለሁ። "እሷስ የታለች?" ስትል ወሬ አስቀይራታለሁ።

ደሞ እኮ ዕድለኛ ነሽ። ኅዳር 21 ጽዮን ናት፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ጥር የደረሰባት ምስኪን ለአስተርእዮ ማርያም ዶሮ ስታሳድድ አንች በሽሮና በክክ ትገላገያለሽ። እናትሽ ይችን ወር የመረጡልሽ አውቀው ነው እያልን እናማቸው አልነበር? ጠላ ግን ጾም አያውቅም። ያን ዓመት አሻሮውን አሳርረሽ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ "ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቡና ቡና ይላል እንጂ" እያለ የጠጣልሽ ትዝ ይልሻል? አባ ብቻ ሁለተኛ አልቀዳም አሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የታችኛዋ እትዬ ማኅበር መምጣት ትተዋል።

የእሳቸው ወር ሐምሌ ነው። ሐምሌን ታውቂዋለሽ። ጎተራው የተራቆተበት፣ ጭቃው ጉልበት የሚይዝበት። ጾም ነው እንዳይባል የሐዋርያት ጾም ወጥቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም። ሰው ሁሉ ዶሮ ይጠብቃል። ሄድን። እትዬ ሽሮ አቀረቡ። ዳቦው አነስ ያለ ነበር። ጠላው ቀጠን ያለ፣ ደግሞም ላስቲክ ላስቲክ የሚል። መቼም አፌ ከልቤ እንደሚቀድም ካንች በላይ የሚያውቅ የለም። "እትዬ፣ ይሄ ጠላ አንገረብ ወንዝን ዋኝቶ ነው እንዴ የመጣው?" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴው ሳቁ። አባም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እትዬም ሳቁ። አሁን ሳስበው ከሁላችንም የበለጠ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ነሐሴ ላይ አልመጡም። የፍልሰታ ሱባዔ አድክሟቸው ይሆናል አልን። መስከረም ቀሩ። ጥቅምትም ቀሩ። የቀረ ሰው ቅጣት አለበት አይደል? እትዬ በየወሩ ቅጣቱን በልጅ ልጃቸው እጅ ይልካሉ። ሳንቲም ሳይጎድል፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ። ጸሐፊው ቋጠሮውን እየፈታ "እንዲህ ነው ማኅበርተኛ ማለት!" ይላል። እኔም አብሬ ራሴን ስነቀንቅ ነበር።

ከማኅበሩ በሦስተኛው ቀን ላንች ድግስ ጋን ልዋስ ወጣሁ። የኔው ተሰንጥቋል። ቧንቧው በተራ ስለሚመጣ ውሃ ማጠራቀሚያ አድርጌው ነበር፣ ልጆቹ ጨረሱት። ወደ ቅዳሜ ገበያ መውረጃው ላይ ጠላና አረቄ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እሷ ዘንድ ገባሁ። ጓሮዋ ውስጥ አንድ ጋን ቆሟል። አንገቱ በሽቦ ታስሯል።

ያ ጋን ነው! ድብብቆሽ ስንጫወት ጭንቅላትሽን ከተሽ መውጣት ያቃተሽ ጋን። እትዬ በአንድ በኩል እየሳቁ፣ በአንድ በኩል እየረገሙን ቅባኑግ አንገትሽ ላይ ሲያፈሱ አስታወስሽ? የተሰነጠቀው ያን ቀን ነው። ሽቦውን ያሰሩት ባለቤታቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር።

"ይሄን ከየት አገኘሽው?" አልኳት።

"የዚያች የታችኛዋ እናት ነው። ሐምሌ ላይ ሸጡልኝ። ማኅበር ደርሶብኝ ነው ብለው።"

ገባሽ? ጋኑን ሸጠው ነው ጌሾና ሽሮ የገዙልን። ጋን ስለሌላቸው ጠላውን በጀሪካን ጠመቁት። ላስቲክ ላስቲክ ያለው ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ ተነስቼ አንገረብ ምናምን እላለሁ።

ያን ማታ እንጀራ አልወረደልኝም። የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ? እኛ እኮ ክፉ ማኅበር አይደለንም። መስከረም ላይ ከሣጥኑ አውጥተን ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተናል። በአታ ላሉት የአቋቋም ተማሪዎች በየወሩ በሶ እንቋጥራለን፤ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው ደጅ ሲቆሙማ ባዶ እጃቸውን የሚመልስ የለንም። ከገጠር በሽተኛ ይዘው ለመጡ አስታማሚዎች እሑድ እሑድ እንጀራና ወጥ ይዘን ሆስፒታል እንሄዳለን። ደስ ይላል። ፎቶም እንነሳለን፣ ምን እደብቅሻለሁ። ከኔ ቤት በታች ሦስተኛው በር ላይ ግን እትዬ ቅጣታቸውን በመሐረብ እየቋጠሩ ነው። ማን ይይ? ተማሪው በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ አስታማሚው ሜዳ ላይ ይታያል። እትዬ ነጠላቸውን አጥበው፣ ደጃቸውን ጠርገው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ።

ሄድኩ እንግዲህ። ቡና አፈሉልኝ። የቡና ቁርሱ ቆሎ ነበር፣ እፍኝ አይሞላም። "ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እኮ ነው የቀረሁት" አሉ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩና "ዘንድሮ በርበሬ እንዴት ተወደደ!" አልኩ። በእውነት ሌላ ቃል አልወጣኝም። አፌ ለቀልድ እንጂ ለቁም ነገር አይፈታም ትይኝ የለ? ሦስተኛውን ጠጥቼ ስነሳ "ያች የክርስትና ልጄ ደህና ናት? ትደውልልሻለች?" አሉኝ። "አዎ፣ ሰላም ብላዎታለች" አልኩ። ዋሸሁልሽ። ከበርበሬው ሒሳብ ላይ ቀንሺልኝ።

ለሙሴው የጋኑን ነገር አልነገርኳቸውም። የሰው ገበና ነው። ብቻ "ድግሱ በዝቷል፤ አንድ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ይበቃል ብንልስ?" አልኳቸው። እሳቸው ወደዱት። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ለሌሎቹ አነሱት። አንዷ "ማኅበር ነው ወይስ ልቅሶ ቤት?" አለች። ጸሐፊው ደግሞ "የጎንደር ሰው ጠርቶ ንፍሮ አያበላም" ብሎ ደረቱን ነፋ። ለነገሩ ምን ይፈረድበታል። ከግንቡ ስንገባ የበካፋ የግብር አዳራሽ፣ ቁስቋም ስንወጣ የእቴጌ ምንትዋብ አዳራሽ ፍራሽ እያየን ያደግን ነን። ድግስ በደም ገብቶብናል። ግን ነገሥታቱ ግብር ያበሉት ካገር ሁሉ ግብር አስገብተው ነው። እትዬ ከማን ያስገቡ? ይህን እዚያው ብለው ኖሮ አንጀቴ ይርስ ነበር። የመጣልኝ ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ነው።

ነገሩ "ለኅዳር ይታይ" ተብሎ አደረ። ኅዳር ማለት ያንች ድግስ ማለት ነው። የማስብልሽን ልንገርሽ። አቅም የሌላት ሴት ንፍሮ ብታቀርብ አጣች ይባላል። እኔ ባቀርብ ሰነፈች ይሉኛል። አንች ግን ካዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተሽ፣ ያን የሚያምር ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ አንድ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ብቻ ብታቀርቢ ማን ምን ይላል? እንዲያውም ፋሽን ይሆናል። ጥር የደረሰባት እንኳ በሆዷ ትመርቅሻለች። ቀድሞ የሚያሳንሰው ሰው ያለው መሆን አለበት። የሽሮውንና የክኩን ነገር እርሽው፣ ይቅር።

ሁለተኛው ልመናዬ ይኸው። ለእትዬ ደውይላቸው። ከኔ እንደሰማሽ አትንገሪያቸው፣ በ44ቱ ታቦት ይዤሻለሁ። "ኅዳር ተረኛ ነኝ፣ የዚያችን ቀላማጅ ጠላ አላምንም፣ እርስዎ ካልጠመቁልኝ አልመጣም" በያቸው። ቀላማጅ ማለት እኔ ነኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ እህሉን እኔ አደርስላቸዋለሁ። ጠማቂዋ እሳቸው ከሆኑ ያን ቀን ሊቀሩ አይችሉም። መጥተው ከተቀመጡ ደግሞ እኔም በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት እመልሳለሁ። እሞክራለሁ ማለቴ ነው። በርበሬ በርበሬ ካልኩ ቆንጥጪኝ።

ሦስተኛው… ይህን እንዴት እንደምለው አላውቅም። ተይው።

እሺ፣ ልበለው። ጋኑን ሴትየዋ የምትመልሰው ከገዛችበት አስበልጣ ነው። እኔ ግማሹን አለኝ። የጀበና ማስቀመጫዬን ልሸጥ አስቤ ነበር፣ ግን ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም፣ ማኅበሩ በሙሉ ዕቃውን ሸጦ ሊጨርስ ነው። ለሁለት ዓመት ዝም ብላሽ ድንገት ብር የምትጠይቅ ጓደኛ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ፊቴ ቀልቷል፣ ባታዪውም። ከቻልሽ በቴሌብር፣ ካልቻልሽ ሳታነሽው እለፊው፣ አልቀየምም። ጋኑ ከተመለሰ እሳቸው ጓሮ በጨለማ አስቀምጬ ልሮጥ ነው ሐሳቤ። ማን እንዳመጣው ያውቁታል። ሽቦው ይነግራቸዋል።

ብቻ ፍጠኝ። ኅዳር 10 ካልተጠነሰሰ አይደርስም። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው፣ እትዬ በጉልበታቸውም ቢሆን ዳገቱን መውጣታቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት ደውይላቸው። ማታ ማታ ነው ስልክ የሚያነሱት። ሁለቴ ጠርቶ ከተቋረጠ ተዘግቶ አይደለም፣ ቁልፉን እየሳቱት ነው፣ ደግመሽ ሞክሪ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ካልተኳረፋችሁ። ስትመጪ አዘዞ ወርጄ እቀበልሻለሁ፣ ያክስቴ ልጅ ባጃጁን ይሰጠኛል ብዬ ነው።

ያንችው፣
ቀላማጇ

ይድረስ ለብቻሽ፦ ጸሐፊው ያንችንም የሁለት ዓመት የቀሪ ቅጣት በደብተሩ ደርድሮታል። ደምሬ አይቼዋለሁ። አልነግርሽም፣ መምጣቱን ትተይዋለሽ።