እማዬ፣ የስፌቱን ነገር ዝም አትበይ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ?

ለፋሲካ መጥቼ ልብስ ስትቀይሪ የሆድሽ ስፌት ላይ ያየሁት እብጠት እንቅልፍ ነስቶኛል። በስልክ ሳነሳብሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

ማሙሽን በኦፕራሲዮን ስትወልጂ 9 ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እጅሽን ጠባሳው ላይ ጭነሽ ስትቀመጪ አስታውሳለሁ። «ብርድ ገብቶበት ነው» ትይ ነበር። አንዴ ሐኪም ቤት ሄደሽ «የስፌቱ ክር ነው» ተባልሽ። ሌላ ጊዜ ቡአ ነው አሉሽ። «የሚያምሽ መቼ መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀሽ ግን አልነበረም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማህፀን ሲከፈት ከውስጠኛው ሽፋኑ ጥቂት ሴሎች ስፌቱ ውስጥ ቀርተው ሊያድጉ ይችላሉ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሉታል። ከቦታቸው ቢወጡም ጠባያቸው አይለቃቸውም፤ ወር ሲመጣ ያብጣሉ፣ ይደማሉ። ህመምሽ ቀን ቆጥሮ ይመጣ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ እንዳትደነግጪ። ግን በጣም አልፎ አልፎ፣ ከኦፕራሲዮኑ ሃያ ዓመት ቆይቶም ቢሆን፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ሳምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ኢንዶሜትሪዮሲስ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም።

እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፦ የወር አበባሽ ከቆመ 6 ዓመት ሆነው። እብጠቱ መሟሸሽ ነበረበት። ያንቺ ግን አደገ። አሁን ቀን አይለይም፣ ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል አልሽኝ።

ጠበሉን ተዪ አልልሽም። ጠዋት ተጠመቂ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ ሂጂ። አልትራሳውንድ ያዩሻል፣ ከእብጠቱም ናሙና ይወስዳሉ። ቁርጡ የሚታወቀው በናሙናው ነው። ክፉው ከሆነ ዙሪያውን አስፍተው ቆርጠው ማውጣት አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ትንሽ ሳለ መድረስ ነው። ካልሆነም ያወጡልሽና ከስንት ዓመት ህመም ትገላገያለሽ።

ዝም ያልሽው ማሙሽ «በእኔ የተነሳ ነው» እንዳይል መሆኑን አውቃለሁ። እሱ ግን ከሰማ ጀምሮ መኪና ሲፈልግልሽ ነው የሰነበተው። ሐሙስ በ2 ሰዓት ይመጣል።

ሐኪሙን «ድሮ የሚያመኝ ወር ሲመጣ ነበር» በይው። ይቺን አደራ እንዳታስቀሪ። ማሙሽ ፊት ካፈርሽ እሱ ውጭ ይቆያል፤ ነግሬዋለሁ።

ልጅሽ