ለድንጋይ ጠራቢው አባቴ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እዚያ አገር የዱሮ ነገር አለ እንዴ?» ብለኸኝ ነበር። አለ አባዬ። ከሲድኒ በስተሰሜን ኩ-ሪንግ-ጋይ ቼዝ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጫካ ነው። ገባ ስትል ዛፉ ይሳሳና ሰፊ ዝርግ አለት ታገኛለህ። አለቱ ላይ ዓሣ፣ ዋላቢ የሚሏት ትንሽ ካንጋሮ፣ የሰው ምስልም ተቀርጾበታል። የቀረጹት አቦርጂኖች ናቸው፤ የአገሩ የጥንት ባለቤቶች።

«በምን ጠረቡት?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። መሮ የለ፣ መዶሻ የለ፤ ብረት አልነበራቸውም። ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ለስለስ ይላል። በሹል ጠንካራ ድንጋይ እየወቀሩ የምስሉን ዙሪያ በትንንሽ ጉድጓድ ይከቡታል። ከዚያ ጉድጓዶቹን እየፈገፈጉ ያገናኙና አንድ ወጥ መስመር ያደርጉታል። ጎንበስ ብለህ ካየህ አንዳንዱ መስመር ውስጥ የጉድጓዶቹ ጠርዝ ዛሬም ይለያል። የአንተን እጅ እያየሁ ስላደግሁ ነው መሰለኝ፣ ምቱ የት እንደጠበቀ የት እንደላላ ያስታውቀኛል።

በቀትር ብትሄድ ግን ብዙም አይታይህም። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ጋደል ስትል መስመሩ ጥላ ይይዝና ዓሣው ፍንትው ይላል።

እንግሊዞች በ1788 እ.ኤ.አ. መጥተው ሰፈሩ። በዓመቱ ፈንጣጣ ገባና የሲድኒን አካባቢ ነባር ሕዝብ ፈጀው። የምስሎቹን ነገር የሚያውቁ ስንት ሽማግሌዎች ለልጅ ሳያወርሱ ሄዱ! ይኼ ያንገበግበኛል። የተረፉት ልጆቻቸው ግን ዛሬም አሉ፤ አለቱም የእነሱ ነው።

አሁን ደግሞ መስመሩ እየደበዘዘ ነው። ዝናብ ይበላዋል፣ ሰው ይረግጠዋል። ቦንዳይ የሚባለው ባሕር ዳርቻ አጠገብ ያሉትን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማዘጋጃ ቤቱ እንደገና አስፈልፍሏቸዋል። ለበጎ ብለው ይሆናል። እኔ ግን አልወደድኩትም። የጥንቱ ሰው ምት በአዲሱ ተዋጠ።

ቪዛው ከተሳካ በሐምሌ ብትመጣ ደስ ይለኛል። እዚህም ክረምት ነው፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነው የምትውለው። ዳር ቆመን እናያለን እንጂ አንረግጠውም። አንድ ሰው ብቻውን ነው የሠራው ወይስ ብዙ ሆነው? እሱን አንተ አይተህ ትነግረኛለህ። ለፓስፖርቱ እድሳት ከእህቴ ጋር ቶሎ ተነጋገሩ።

ልጅህ