በሰው እጅ ከተራራ ወረድን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰላም ለሁላችሁም። ከጉዞ ከተመለስን ወዲህ የደወላችሁ፣ ቴክስት ያደረጋችሁ፣ ምግብ ይዛችሁ ቤታችን ድረስ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልጻፍላችሁ። ባለቤቴ ደህና ነው። እግሩ ጄሶ ውስጥ ነው እንጂ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጫወታል። ይህን ካልኩ በኋላ ግን እዚያ ማዶ የረዱን ሰዎች ውለታ ሳይነገር እንዲቀር አልፈልግም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚህ ሰመር እረፍታችንን አጠራቅመን፣ ትልልቁን ሻንጣ ትተን፣ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ብቻ ይዘን ከቨርጂኒያ ወጣን። ሐሳባችን ከኢስታንቡል ተነስተን በጥቁር ባሕር በኩል ትራብዞን፣ ከዚያ በሳርፒ ድንበር አድርገን ጆርጂያ፣ በመጨረሻም አርመኒያ ገብተን ከየሬቫን ወደ ቤት ለመብረር ነበር። ካርታ ላይ ከቱርክ አርመኒያ አፍንጫ ስር ነው፤ ግን የሁለቱ አገሮች የየብስ ድንበር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመንገደኛ ዝግ ስለሆነ በጆርጂያ መዞር ግድ ነው። ለኛ ደግሞ ዋናው ጉጉታችን ጆርጂያ ነበረች።

ቱርክን ቶሎ ልለፋት፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ገደል ላይ የተለጠፈውን የሱሜላን ገዳም አይተን ዋሻ ውስጥ የታነፁት የላስታ ቤተ ክርስቲያኖች ትዝ አሉን። ድንበሩን ተሻግረን ከባቱሚ በማርሽሩትካ፣ ማለትም በእነሱ ሚኒባስ፣ ወደ ስቫኔቲ ተራሮች ወጣን። ስቫኔቲ በየመንደሩ ረጃጅም የድንጋይ ማማዎች የቆሙበት አገር ነው። በመካከለኛው ዘመን እያንዳንዱ ቤተሰብ ጠላት ሲመጣ የሚገባበት የራሱ ማማ ነበረው፤ ዛሬም ከብት ከስራቸው ይግጣል። ከመስቲያ ከተማ እስከ ኡሽጉሊ በእግር የሚኬደው መንገድ የታወቀ ነው፣ በየማታው መንደር ስለሚገኝ ድንኳን መሸከም አያስፈልግም።

አዲሺ ከምትባለው መንደር ወዲያ ወንዝ አለ። ውሃው ከበረዶ ግግር ስር የሚወጣ ስለሆነ ጠዋት ይቀንሳል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይሞላል። የመንደሩ ሰዎች ፈረስ ይዘው ዳር ላይ ይጠብቃሉ፣ ከፍለን ተሻገርን። ከዚያ 2,655 ሜትር ላይ ያለውን የችኹንደሪን የተራራ በር (ማለፊያ) ወጣን። ከላይ ሆነን በረዶውን ሳየው አለቀስኩ፣ እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ቁልቁል ስንወርድ ነው ድንጋዩ ከባለቤቴ እግር ስር የከዳው። አወዳደቁን አላየሁም፣ ድምፁን ግን ሰማሁ። ቁርጭምጭሚቱ ዓይናችን እያየ አበጠ። የስልክ ኔትወርክ የለም። ቀኑ እየመሸ ነው።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ከኋላችን ይመጡ ለነበሩት ሁለት ፖላንዳዊ ወጣቶች ነው። ልጅቷ አንዲት ቃል ሳታባክን ቦርሳዋን ፈታች። ጫማውን አላወለቀችም፣ ክሩን ብቻ አላላችው። የራሷን የመንገድ ዱላ አሳጥራ ከእግሩ ጎን አስቀመጠች፣ ሹራብ ጠቀጠቀችበት፣ ከዚያ በፋሻ ከጉልበቱ ስር ጀምራ እስከ ጫማው ጠቅልላ አሰረችው። እጇ ምንም አይንቀጠቀጥም፣ የኔ ግን ፋሻውን መያዝ እንኳን አቅቶት ነበር። ልጁ ደግሞ ቦርሳውን እኛ ጋ ጥሎ ኻልዴ ወደምትባለው መንደር ቁልቁል ሮጠ።

ከመንደሩ ፈረስ እየጎተተ ለመጣው ሰውዬ ምን ብዬ ላመስግን? ካፖርቱን አውልቆ ኮርቻው ላይ አነጠፈ። መንገዱ በጠበበና በከፋ ቁጥር ፈረሱን ያቆማል፣ የባለቤቴን ጉልበት በትከሻው ይደግፋል፣ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ይራመዳል። መንደር ስንደርስ ገንዘብ ላወጣ ስል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደኋላ ሄደ። ብለምነው ብለማመጠው እምቢ አለ።

ለሊቱን ያሳደሩን እናት፣ ልክ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ናቸው። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅለው፣ እራት ብለው ትኩስ አይብ ያለበት ዳቦ አቀረቡልን። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፣ እኛ ጾመኞች ነን። እንዴት ላስረዳቸው? ግድግዳቸው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ሥዕል ጠቆምኩና አማተብኩ። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ አጨበጨቡ፣ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው እሳቸውም ያንኑ ጾም እየጾሙ መሆናቸውን አሳዩኝ። የጆርጂያ ኦርቶዶክሶች በድሮው የጁልያን አቆጣጠር ስለሚሄዱ የማርያም ጾማቸው በፈረንጆቹ ኦገስት 14 ይገባና በ28 ይፈታል፤ የኛው ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ስለሆነ መሐል ላይ አብረን የምንጾማቸው ቀኖች አሉ። ለካ ያንን ዳቦ ለእንግዳ ብለው የጋገሩት እሳቸው የማይቀምሱትን ነው። ወዲያው አንስተው ባቄላ በድንብላል ቅጠል፣ ድንች፣ ቲማቲም በተወቀጠ ለውዝ ይዘው መጡ። ሌሊት በነቃሁ ቁጥር እርጥቡን ጨርቅ እግሩ ላይ እየቀየሩ አገኛቸው ነበር። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን ሰው ተርጉሞ እንዲያነብልዎት አደርጋለሁ።

በነጋታው በዴሊካ መኪና መስቲያ ወርደን ሐኪም አየው፣ ራጅ ተነሣ፣ ጄሶ ታሰረለት። ለዶክተሩና ለነርሶቹ ከልብ አመሰግናለሁ። የራጁን ፎቶ በቴሌግራም ልኬለት ከተኛበት ተነሥቶ ላየልን፣ አዲስ አበባ ላለው የአጥንት ሐኪም ወንድማችንም እንዲሁ። «ተሰነጠቀ እንጂ ቦታውን አልለቀቀም፣ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም» ያለኝን ድምፅ እስካሁን አላጠፋሁትም።

የሬቫን ስንገባ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሰማና ስልኩን አንስቶ ደወለ፣ ከዚያ ለኔ ሰጠኝ። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?» የሚል የድሮ አዲስ አበባ አማርኛ። ፒያሳ ተወልደው ያደጉ አርመናዊት ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና በአዲስ አበባ ስለመሠረቱት የሙዚቃ ባንድ፣ የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ስለመድረሳቸው አንብቤ አውቃለሁ። የዚያን ማኅበረሰብ ልጅ ግን በአካል አግኝቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ በዱላ እየተደገፉ ደረጃውን ወጡ፣ በባቄላና በምስር የተሞላ የጎመን ጥቅል ይዘው፣ ጾም መሆኑን አልረሱትም። ስለ ፒያሳ ጠየቁን። የፈረሰውንም ያለውንም ነገርናቸው። ባለቤቴን ግንባሩን ስመው «አይዞህ የኔ ልጅ» ሲሉት ከወደቀ ጀምሮ ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ። እትዬ፣ እንደ ልጅ ተቀብለውናልና እንደ እናት እናስታውስዎታለን።

እዚህ ያላችሁትን ደግሞ በተራ። ኤርፖርት ድረስ መጥታችሁ የተቀበላችሁን፣ ቤቱን አጽድታችሁ ፍሪጁን ሞልታችሁ የጠበቃችሁን የእድራችን ሰዎች፣ ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ደብረ ብርሃን ሆነው ለጊዮርጊስ የተሳሉልን አማቴ፣ ውለታችሁን ለመመለስ ያብቃን። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ፣ መጥታችሁ ጠይቁት፣ ሰው ሲመጣ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚያ ግርግር የፖላንዶቹን ልጆች ስልክ አልተቀበልኩም። ከክራኮቭ እንደመጡ ነግረውናል፣ በነሐሴ አጋማሽ በችኹንደሪ በር በኩል ያለፉ ናቸው። ፖላንድ ያላችሁ አበሾች ይህን ለምታውቁት ተጓዥ ሁሉ አድርሱልኝ። ዱላዋ እኛ ጋ ነው፣ አድራሻዋን ካገኘን በፖስታ እንልክላታለን።