ሳልቡታሞል ብቻውን ለአስም አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ ብዙ የአስም ታማሚዎች ሳልቡታሞል የተባለውን በአፍ የሚሳብ ማስታገሻ (ፓፍ) ይገዛሉ፤ ሲያልቅ ሌላ ይደግማሉ። መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ የአየር ቧንቧውን ጡንቻ ያላላል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓትም ያሳርፋል። የቧንቧው መቆጣትና እብጠት ግን ባለበት ይቆያል።

ለብዙዎች መነሻው አልጋው ነው። ፍራሽና ትራስ ውስጥ ከሰው ቆዳ የሚረግፍ ብናኝ እየበሉ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ማይቶች አሉ። ውሃ የሚያገኙት ከአየር እርጥበት ስለሆነ ሐይቅ ዳር ያለ እርጥብ ክፍል ይስማማቸዋል። ኩሳቸው ውስጥ ደር ፒ 1 የተባለ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም አለ። ሥራው ፕሮቲን መቁረጥ ነው፤ ስንተነፍሰው የሚቆርጠው የእኛን ይሆናል። የቧንቧውን ገጽ የሚሸፍኑት ሴሎች ኦክሉዲንን በመሳሰሉ ፕሮቲኖች ተያይዘዋል፤ ኢንዛይሙ ማያያዣውን ይበጥሳል፣ አለርጂ ቀስቃሹም በክፍተቱ ይዘልቃል። አለርጂ ባለበት ሰው ማስት ሴሎች የተባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ሂስታሚንና ሉኮትራይን የተባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ ቧንቧው ይጠብባል፣ አክታ ይሞላል።

ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማይቱን ያደርቀዋል፤ ኩሱና ኢንዛይሙ ግን እዚያው ይቀራሉ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚደርስ፣ እጅ በማይችለው ውሃ ይታጠቡ። በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠቡ ኩሱ በከፊል ይሄዳል፣ ማይቱ ግን ይተርፋል። ያም ሆኖ አልጋ ማጽዳት መድኃኒትን አይተካም።

መቆጣቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ውጤቱ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ስለሚወስድ ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው ያቋርጡታል፤ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ከተሳበ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ፈንገስ ያወጣል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን አይመክርም።

ልጆች ፓፉን ከትንፋሻቸው ጋር ማስማማት ስለሚቸግራቸው መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ፓፉ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን እስኪሳብ የሚይዝ ዕቃ (ስፔሰር) ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። መቀመጫውን በፓፉ አፍ ልክ በታጠፈና በጋለ ሽቦ መብሳት፣ ፓፉን አስገብቶ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ ነው። አስቀድሞ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ፤ አለዚያ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ፓፉን ነቅንቆ አንድ ጊዜ ብቻ መጫን፣ ልጁም በጠርሙሱ አፍ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ይተንፍስ። ሁለት ጊዜ ባንዴ ከተጫነ የሚደርሰው መጠን ይቀንሳል።

የመድኃኒት ቤት ባልደረቦቻችን፦ በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ 200 ጊዜ የሚጫን የሳልቡታሞል ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት የተጋለጠ ነው። አራተኛውን ከመሸጣችን በፊት የሚሳብ ስቴሮይድ ይወስድ እንደሆነ እንጠይቀው፤ ካልወሰደ ወደ ሐኪም እንላከው።

የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ