ጥርስ ልታስተክሉ ስትመጡ ክንዳችሁን ለምን እንጠይቃለን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ጥርስ ለማስተከል የመጡ አንዲት እናት፣ ሲሪንጅ ስናነሳ ደንገጥ ብለው “ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ጥርሴ፤ ክንዴን ምን ልታደርጉት ነው?” አሉን። እውነታቸውን ነው። ቀድመን ማስረዳት ነበረብን።

ከክንዳችሁ የምንቀዳው ደም ለራሳችሁ ነው። ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ የሌላ ሰው ደምም ወደ እናንተ አይገባም። መጠኑም ጥቂት ነው፤ አንዱ ቱቦ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ወዲያው ሴንትሪፊዩጅ የሚባል ማሽን ውስጥ ገብቶ 12 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ሲወጣ ቀዩ ከታች ዘቅጧል፤ ከላይ ቢጫ ውሃ ተንሳፍፏል፤ መሃሉ ላይ እርጎ የመሰለ ነገር ረግቷል። እኛ የምንፈልገው ያንን እርጎ ነው። በመቆንጠጫ አውጥተን፣ ከቀዩ ለይተን፣ ለሚተከለው ጥርስ ሥር የሚሆነው የታይታኒየም ብሎን በሚገባበት የመንጋጋ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። በውስጡ የታጨቁት ፕሌትሌቶች ስንቆስል ደማችንን የሚያረጉልን ናቸው። ቁስል እንዲድን የሚያግዙ ንጥረ ነገሮችንም ለቀናት ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ዘዴው ፒአርኤፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ ነው።

ደሙ ላይ እንዳይረጋ የሚያደርግ ምንም መድኃኒት አንጨምርም። ስለዚህ ቶሎ ይረጋል። ነርሷ ቱቦውን ይዛ ወደ ማሽኑ ስትሮጥ ብታዩ አትደንግጡ። ማሽኑ እየዞረ መብራት ቢጠፋ ደሙ ሳይለያይ ስለሚረጋ እንደገና ልንወጋችሁ ነው። ይህ እንዳይሆን ማሽኑን መብራት ሲጠፋ ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ (ዩፒኤስ) ጋር አያይዘነዋል።

ጥቅሙስ? ብሎኑ ሲገባ አጥንቱ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። አጥንቱ ራሱን ሲያድስ ግን፣ ከ3ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ትንሽ ላላ ይላል። ኋላ አዲስ አጥንት በቅሎ ያጠነክረዋል። ፒአርኤፍ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ጥብቀቱን እንደሚያግዝ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት ያላገኙም አሉ። የተተከለውን ጥርስ ዕድሜ ያረዝማል ለማለት ማስረጃው አይበቃም። ስለዚህ አጥንቱ ጠንካራ ለሆነ ሰው “ይህንንም ጨምሩ” ብለን ገንዘብ አናስወጣም። አጥንቱ ለሳሳ፣ ወይም ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ለሚተከልለት ሰው ግን እንመክራለን።

ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው፣ እባካችሁ በፒአርኤፍ አይተማመን። መጀመሪያ ስለዚያ እንነጋገር። ፒአርኤፍ ቢደረግም፣ አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ ወራት የሚፈጀው መጠበቅ አይቀርም።

በቀጠሯችሁ ቀን ቁርስ በልታችሁ ኑ። ፆም ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ደውሉልን፤ ሰዓቱን ወይም ቀኑን እናዛውራለን። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ንገሩን፤ በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የምትመጡ የጠዋት ቀጠሮ ያዙ፤ ሳይመሽ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጥርስ ክሊኒኩ ባልደረቦች
ደሴ